ርካሽ የሳይንስ ሙከራ ዕቃና የመመሪያው ታሪክ፤ ከፖስታ ካታሎግ እስከ ኢንተርኔት ገበያ

መግቢያ

በአያሌ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ትምህርት ከንባብና ከቃል ገለጻ አልፎ በእጅ ወደሚሠራ ሙከራ ያልተሻገረበት ምክንያት ሲጠየቅ፣ ዘወትር ቀድሞ የሚነሣው መልስ የመሣሪያ ውድነት ነው። መልሱ ለረጅም ዘመን እውነት ነበር። ዛሬ ግን ምስሪት (ሌንስ)፣ ማግኔት፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ትንንሽ ሞተርና ልዩ ልዩ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች በኢንተርኔት ገበያ በጥቂት ዶላር፣ አንዳንዶቹም ከአንድ ዶላር ባነሰ ዋጋ ይሸጣሉ። በግል ፍላጎታቸው ተነሣሥተው ሳይንስን የሚሞክሩ ሰዎች፣ ማለትም አማተሮች፣ በብዙ አገሮች ቤታቸው ውስጥ አነስተኛ ቤተ ሙከራ የሚያደራጁት ከዚህ ገበያ በሚገዙት ዕቃ ነው። ከእነርሱም መካከል ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ መምህራን ይገኛሉ።

ታዲያ ዋጋው ይህን ያህል ከወረደ ችግሩ ተወገደ ማለት ነውን? ወደኋላ ተመልሶ ታሪኩን ለሚመረምር ሰው መልሱ እንዲህ ቀላል አይሆንለትም። ርካሽ የሙከራ ዕቃ በዚህ ዘመን የተፈጠረ አይደለም፤ ቢያንስ የ200 ዓመት ታሪክ አለው። በዚህም ታሪክ ውስጥ ርካሹ ዕቃ ዕውቀት ያፈራው ሁለት ነገሮች አብረውት በተገኙ ጊዜ ነው። አንደኛው ዕቃው ለምን እንደሚያገለግልና እንዴት እንደሚሠራበት የሚያስረዳ መመሪያ ነው። ሁለተኛው ዕቃው ተማሪው እጅ ከመግባቱ በፊት ጥራቱን የመረመረ ኃላፊ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው ታሪክ እነዚህ ሁለቱ ከሻጭ ወደ መንግሥት፣ ከመንግሥትም ወደ መምህሩ ትከሻ እንዴት እንደተሸጋገሩ ያሳያል። የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ በተለይ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የፋራዳይ ሰባት ሳንቲሞች

ማይክል ፋራዳይ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ሲሆን፣ በወጣትነቱ በለንደን ከተማ በአንድ የመጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ በተለማማጅነት ይሠራ ነበር። በሐምሌ ወር 1812 ለጓደኛው በጻፈው ደብዳቤ፣ ሰባት የዚንክ ክቦችን በግማሽ ፔኒ ሳንቲም ልክ በገዛ እጁ ቆርጦ፣ በእያንዳንዳቸው ላይ የመዳብ ሳንቲም ደርቦ፣ በመካከላቸው በጨው ውኃ የራሰ ወረቀት እያደረገ የኤሌክትሪክ ባትሪ መሥራቱን በታላቅ ደስታ ይገልጣል። በዚህችም ባትሪ በውኃ የሟሟ ማግኒዝየም ሰልፌትን ለመበታተን ቻለ። ጣሊያናዊው ቮልታ የዚህን ዓይነት ባትሪ ለዓለም ካስታወቀ ገና 12 ዓመት መሆኑ ነበር።

ዕቃው ሁሉ ተደምሮ ከጥቂት ሳንቲሞች የበለጠ ዋጋ አልነበረውም። ይሁን እንጂ ሳንቲምና ዚንክ በማንም እጅ ይገኝ ነበር። ፋራዳይን ከሌሎቹ የለየው ያነበበው ነገር ነው። ሊጠርዛቸው ከመጡት መጻሕፍት መካከል ጄን ማርሴት የተባለች ሴት በ1806 ያሳተመችው በውይይት መልክ የተዘጋጀ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ይገኝ ነበር። መጽሐፉ የተጻፈው መደበኛ ትምህርት ላላገኙ አንባቢዎች ሲሆን፣ ሐሳቡን ሁሉ ከሙከራ ጋር እያያያዘ ያስረዳል። ፋራዳይ በኋለኛው ዘመኑ ዝነኛ ከሆነ በኋላም ለዚህች ሴት ያለውን ምስጋና ደጋግሞ ገልጧል። በ1827ም እርሱ በተራው የኬሚስትሪ ሙከራ አሠራርን የሚያስተምር መጽሐፍ ጽፎ አሳተመ።

በዚያው ዘመን በብሪታንያ የሙከራ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ብዙዎቹ ራሳቸው አስተማሪዎችና ደራሲዎች ነበሩ። ፍሬድሪክ አኩም የተባለው ኬሚስት በለንደን የኬሚካል ሣጥኖችን ይሸጥ ነበር፤ መጻሕፍትም ይጽፍ ነበር። ጆን ጆሴፍ ግሪፊን በ1823 በግላስጎው ከተማ ለጀማሪዎች የሚሆን የሙከራ መጽሐፍ አሳትሞ፣ ቆይቶም መጽሐፉ የሚጠይቃቸውን ዕቃዎች በአነስተኛ ዋጋ መነገድ ጀመረ። እንግዲህ በመጀመሪያው ዘመን ሻጩ ያንን ዕቃ ራሱ የሠራበት ሰው ነበር፤ ብርጭቆው ሲሰነጠቅ ወይም ዱቄቱ ሳይሟሟ ሲቀር ገዥው የሚመለሰው ወደዚያው ሰው ነው።

ፖስታና ካታሎግ

ይህ የሻጭና የገዥ ቅርበት የላላው የንግዱ ርቀት በጨመረ ጊዜ ነው። በአሜሪካ ሞንትጎመሪ ዋርድ በ1872 የመጀመሪያውን የዕቃ ዝርዝር በአንድ ወረቀት አሳትሞ በፖስታ መሸጥ ጀመረ። በ1913 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ጥቅል ዕቃ ማድረስ ሲጀምር፣ በገጠር የሚኖር ገበሬና ተማሪ የከተማ ሱቅ ሳይረግጥ የሚፈልገውን ለማዘዝ ቻለ። የሳይንስ ዕቃም ከዚህ ንግድ ድርሻውን አገኘ።

ሁጎ ጌርንስባክ በ1904 ከሉክሰምበርግ ወደ አሜሪካ የተሰደደ ወጣት ነበር። ከ1905 መጨረሻ ጀምሮ በአንድ የሳይንስ መጽሔት ላይ፣ ከ10 ዶላር ባነሰ ዋጋ የሚሸጥ የገመድ አልባ መልእክት መላኪያና መቀበያ መሣሪያ አስተዋወቀ። እርሱ ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ ዋጋው እጅግ ርካሽ በመሆኑ ማጭበርበር ነው የሚል አቤቱታ ቀርቦ አንድ ፖሊስ ወደ ሱቁ መጣ። ጌርንስባክ መሣሪያውን በፊቱ አሠርቶ ቢያሳየውም ፖሊሱ አላመነም፤ ገመድ አልባ ከተባለ ይህ ሁሉ ሽቦ ምን ይሠራል ብሎ ጠየቀው ይባላል። ታሪኩ ያስቃል፤ ሆኖም ርካሽ ዕቃ ከሩቅ ሲሸጥ የሚነሣውን ጥያቄ በግልጽ ያሳያል። ገዥው ዕቃውን ሳያይ ገንዘብ ይልካል፤ ዕቃውም ሲደርሰው አሠራሩን የሚያስረዳው ሰው አጠገቡ የለም።

ጌርንስባክ ለዚህ የሰጠው መልስ ማተሚያ ቤት ነበር። በካታሎጉ ውስጥ ከዋጋ ዝርዝሩ ጎን ስለ አሠራሩ ማብራሪያ ይጨምር ነበር፤ በ1908 ደግሞ የኤሌክትሪክ ሙከራ መጽሔት ማሳተም ጀመረ። ከ1910ሮቹ ጀምሮ የፖርተርና የጊልበርት ኩባንያዎች ለልጆች ያዘጋጁዋቸው የኬሚስትሪ ሣጥኖችም ሙከራዎቹን በተራ የሚዘረዝር የመመሪያ መጽሐፍ በውስጣቸው ይዘው ነበር የሚሸጡት። ሻጩ ከገዥው በአካል ቢርቅም በጽሑፍ ሊደርስለት ይሞክር ነበር።

ከጦርነት የተረፈ ዕቃ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአማተሮች ያልታሰበ ሀብት ትቶ አለፈ። የጦር ሠራዊቶች ለመነጽር፣ ለፔሪስኮፕና ለዒላማ ማነጣጠሪያ ያሠሯቸው ሌንሶችና ፕሪዝሞች በብዛት ተርፈው ነበር። ኖርማን ኤድመንድ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ አማተር በ1942 በኒው ጀርሲ ግዛት ያቋቋመው ድርጅት ሥራውን የጀመረው ጫፋቸው የተሸረፈና በፋብሪካ ምርመራ የወደቁ ሌንሶችን ገዝቶ በፖስታ በመሸጥ ነው። ከጦርነቱ በኋላም የሠራዊቱን ትርፍ ዕቃ እየገዛ ንግዱን አስፋፋ፤ ካታሎጉ በአሜሪካ መምህራንና ተማሪዎች ዘንድ እጅግ የታወቀ ሆነ።

ጫፉ የተሸረፈ ሌንስ ለምን ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ ለመምህራን ጥሩ የትምህርት ርእስ ነው። ምስሉን የሚሠራው ከሌንሱ ገጽ ሁሉ የሚያልፈው ብርሃን በመሆኑ፣ ጫፉ ቢሸረፍ የምስሉ ብርሃን በጥቂቱ ይቀንሳል እንጂ ምስሉ ራሱ አይቆረጥም። ይህን የሚያውቅ ገዥ በጥቂት ሳንቲም መልካም ሌንስ ያገኛል፤ የማያውቅ ግን ወይ ጉድለት ያለበት ነው ብሎ ይተወዋል፣ ወይም በእርግጥ የማይረባውን ሌንስ እንደ መልካም ቆጥሮ ይገዛዋል። ኤድመንድም ከሌንሶቹ ጋር የቴሌስኮፕ አሠራርን በሥዕል የሚያስረዱ አነስተኛ መጻሕፍትን ያሳትም ነበር፤ ከእነዚህም በሳም ብራውን የተዘጋጁት በሰፊው ተነብበዋል።

በዚሁ ጊዜ አካባቢ በአሜሪካ በሚታተመው ሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ ለአማተሮች የተመደበ ቋሚ ዓምድ ነበረ። ዓምዱ በ1928 በአልበርት ኢንጋልስ ስለ ቴሌስኮፕ ሥራ ተጀምሮ፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሲ. ኤል. ስቶንግ አዘጋጅነት ወደ ልዩ ልዩ የሳይንስ ዘርፎች ተስፋፋ፤ ከዓምዱም የተመረጡት ጽሑፎች በ1960 በመጽሐፍ መልክ ታተሙ። አንባቢው በአንድ እጁ መጽሔቱን፣ በሌላው ካታሎጉን ይዞ ይሠራ ነበር ማለት ይቻላል። ርካሹ ዕቃ ከጥሩ መመሪያ ጋር በይበልጥ የተቀራረበው በእነዚህ ዓመታት ነው።

ኃላፊነቱ ወደ መንግሥት ሲሸጋገር

ያው ጦርነት በአውሮፓና በእስያ የነበሩትን ትምህርት ቤቶች አፍርሶ ነበር። ዩኔስኮ በ1948 ጄ. ፒ. ስቲቨንሰን በተባለ እንግሊዛዊ መምህር የተዘጋጀ፣ በጦርነት በወደሙ አገሮች ለሚገኙ የሳይንስ መምህራን ምክር የሚሰጥ አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። በ1956 ይኸው ሥራ ሰፍቶ የሳይንስ ማስተማሪያ ምንጭ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ፤ በ1973ም እንደገና ተሻሽሎ ታተመ። መጽሐፉ በጠርሙስ፣ በጣሳ፣ በሻማ፣ በሽቦና በካርቶን የሚሠሩ በመቶ የሚቆጠሩ ሙከራዎችን ይዟል። በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞም በታዳጊ አገሮች የመምህራን ማሠልጠኛዎች ውስጥ መሠረታዊ መጽሐፍ ሆኖ አገልግሏል።

በአሜሪካም ሶቪየት ኅብረት በጥቅምት 1957 ስፑትኒክን ካመጠቀች በኋላ መንግሥት በ1958 ባወጣው ሕግ መሠረት ለትምህርት ቤቶች የሳይንስ መሣሪያ መግዣ ገንዘብ ተመደበ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1956 በማሳቹሴትስ የተጀመረው አዲሱ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፉን፣ የመምህሩን መምሪያ፣ ፊልሙንና ቀላል የሙከራ ዕቃዎቹን በአንድነት የሚያዘጋጅ ነበር። በዚምባብዌ ከ1980 ነጻነት በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ባንድ ጊዜ ሲስፋፋ፣ በ1981 የተጀመረው የሳይንስ ፕሮጀክት ቤተ ሙከራ ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች አነስተኛ የሙከራ ሣጥኖችን ከጥናት መምሪያ ጋር አሰራጭቷል።

በኢትዮጵያም ከ1974ቱ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1966ቱ) አብዮት በኋላ በነበሩት ዓመታት የአውራጃ ፔዳጎጂካል ማእከላት ተቋቁመው፣ በየትምህርት ቤቱም ተመሳሳይ ማእከላት ተደራጅተው ነበር። በእነዚህ ቦታዎች መምህራን ከእንጨት፣ ከቆርቆሮ፣ ከሸክላና ከካርቶን የትምህርት መርጃ መሣሪያዎችን ይሠሩ ነበር። የማእከላቱ ዋና ጥቅም ቁሳቁስ ከማከማቸቱ ይልቅ፣ አንድ መምህር የሠራውን ሌላው አይቶ፣ ሞክሮና አርሞ እንዲወስደው ማስቻሉ ላይ ነበር። ዕቃው የሚመረመረው እዚያው፣ የሚጠቀሙበት ሰዎች እጅ ላይ ነው።

ጥንቃቄና ያስከተለው ጉዳት

መመሪያ አብሮት የሚሄድ ዕቃ ሁሉ ከአደጋ ነጻ ነበር ማለት ግን አይቻልም። የቀድሞዎቹ የኬሚስትሪ ሣጥኖች ዛሬ ለልጅ ይሰጣሉ ተብለው የማይታሰቡ መርዛማና ተቀጣጣይ ነገሮችን ይዘው ነበር። የጊልበርት ኩባንያ በ1950ና በ1951 በ49 ዶላር ከ50 ሳንቲም ለገበያ ያቀረበው የአቶም ቤተ ሙከራ ሣጥን የዩራኒየም ማዕድን ናሙናዎችንና የጨረር መቁጠሪያ መሣሪያን የያዘ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ወጣ።

ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ተከታታይ ሕጎች ወጡ። በ1960 የአደገኛ ነገሮች መለያ ሕግ፣ በ1969 የመጫወቻ ዕቃዎች ደኅንነት ሕግ ታወጁ፤ በ1972 ደግሞ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽንን ያቋቋመው ሕግ ጸደቀ። ሕጎቹ ሕይወት አትርፈዋል። በሌላ በኩል ደግሞ የኬሚስትሪ ሣጥኖቹ ይዘት እየሳሳ ሄደ፤ ሙከራዎቹም ከመመራመር ይልቅ ቀለም ወደ መቀያየር አዘነበሉ። ሕግ አደገኛውን ዕቃ ከሣጥን ሊያስወጣ ይችላል፤ አንድን ዕቃ በጥንቃቄ መያዝን ማስተማር ግን የመምህሩ ሥራ ሆኖ ይቀራል።

የኢንተርኔት ገበያ

ኢቤይ የተባለው የኢንተርኔት ገበያ በ1995 በአሜሪካ ሲከፈት፣ ያገለገሉ ማይክሮስኮፖች፣ ኦሲሎስኮፖችና የቤተ ሙከራ ብርጭቆዎች ከግለሰብ ወደ ግለሰብ በጨረታ መሸጥ ጀመሩ። በ2010 የቻይናው አሊኤክስፕረስ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ገዥው ከፋብሪካው አቅራቢያ ካሉ ነጋዴዎች ጋር በቀጥታ ተገናኘ። በዚሁ ጊዜ ውስጥ ለትምህርት ተብለው የተነደፉ መሣሪያዎችም ብቅ አሉ። በ2005 በጣሊያን ኢቭሪያ ከተማ አርዱይኖ የተባለው አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ተሠራ፤ በ2012 በብሪታንያ ራስበሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒዩተር በ35 ዶላር ወጣ፤ በ2014 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና የማምረቻ ወጪው ከ1 ዶላር በታች የሆነው ከወረቀት የሚታጠፍ ማይክሮስኮፕ በሳይንስ መጽሔት ታትሞ ታወቀ።

ዋጋው የወረደው በፋብሪካ ብዛት ብቻ አይደለም። በዓለም አቀፍ የፖስታ ኅብረት ስምምነት መሠረት ከቻይና የሚላኩ ትንንሽ ጥቅሎች ለተቀባዩ አገር ፖስታ ቤት የሚከፍሉት ሒሳብ ዝቅተኛ ነበር። አሜሪካ ይህን በመቃወም ከኅብረቱ ለመውጣት በ2018 ካስታወቀች በኋላ፣ አባል አገሮች በመስከረም 2019 በጄኔቫ ተሰብስበው ደንቡን አሻሻሉት። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ከ22 ዩሮ በታች ለሆኑ ዕቃዎች ይሰጥ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻነት አነሣ፤ አሜሪካም ለአነስተኛ ጥቅሎች ትሰጥ የነበረውን የቀረጥ ነጻነት በ2025 አስቀረች። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ከዚህ የሚገነዘቡት፣ የኢንተርኔት ዋጋ የተፈጥሮ ሕግ አለመሆኑንና በመንግሥታት ውሳኔ የሚወጣና የሚወርድ መሆኑን ነው።

ከዋጋው ይልቅ የከበደው ለውጥ ግን የሻጩ ማንነት መለወጡ ነው። ግሪፊንም ሆነ ኤድመንድ በስማቸው ይጠየቁ ነበር። በኢንተርኔት ገበያ ግን አንዱ ገበያውን ያቋቁማል፤ ሌላው ዕቃውን ያስቀምጣል፤ ሦስተኛው ይሠራዋል፤ አራተኛው ያጓጉዘዋል። የዕቃው መግለጫ ከአንዱ ሻጭ ወደ ሌላው እየተገለበጠ ይዞራል። መመሪያ ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም፤ እንደ አርዱይኖ ያሉት በብዙ ሰዎች ትብብር የተዘጋጀ ሰፊ ማብራሪያ አላቸው። ነገር ግን መመሪያው አንድ ቦታ፣ ዕቃው ሌላ ቦታ ይገኛል፤ ሁለቱን ማገናኘት የገዥው ሥራ ሆኗል።

ሦስት ምሳሌዎች

የአሜሪካ ብሔራዊ የመለኪያና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2010 ባወጣው ሪፖርት፣ ተመራማሪዎች ርካሽ አረንጓዴ የሌዘር መጠቆሚያዎችን ገዝተው መመርመራቸውን ገልጧል። በ10 ሚሊዋት ኃይል የተሸጠ አንዱ መጠቆሚያ አረንጓዴ ብርሃኑ ደካማ ሆኖ ሳለ፣ ለዐይን የማይታይ 20 ሚሊዋት የሚጠጋ ታሕተ ቀይ ጨረር ይለቅ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። አረንጓዴው ብርሃን የሚገኘው መጀመሪያ ታሕተ ቀይ ጨረር ተፈጥሮ ያ ጨረር በክሪስታል ሲለወጥ ነው፤ ያልተለወጠውን ጨረር የሚያስቀረው ማጣሪያ ከሌለ ጨረሩ ተያይዞ ይወጣል። ተማሪው ብርሃኑ ደካማ ነው ብሎ ሲቀርበው የማይታየው ጨረር ዐይኑን ሊጎዳ ይችላል። ታሕተ ቀይን የሚለካ መሣሪያ የሌለው ትምህርት ቤት ይህን ለይቶ ማወቅ ስለማይችል፣ ርካሽ አረንጓዴ ሌዘርን ከመግዛት መቆጠብ ይገባዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከኒዮዲሚየም የሚሠራው ብርቱ ማግኔት ነው። ይህ ማግኔት በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጃፓንና በአሜሪካ ተመራማሪዎች የተገኘ ሲሆን፣ ለኤሌክትሪክ ማመንጫና ለሞተር ሙከራ እጅግ ይጠቅማል። ሆኖም ሁለት ትንንሽ ማግኔቶች በሕፃን ከተዋጡ በአንጀት ግድግዳ ግራና ቀኝ ሆነው ይሳሳቡና አንጀቱን ይበሱታል። የአሜሪካው የሸማቾች ደኅንነት ኮሚሽን በ2012 በእነዚህ ጥቃቅን ማግኔቶች ሻጮች ላይ ክስ የመሠረተው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው በነሐሴ 21 ቀን 2017 በአሜሪካ የታየው ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ነው። ከግርዶሹ አስቀድሞ የባለሙያዎች ምክር፣ የዓለም አቀፉን የደረጃ መለያ የያዘውን መነጽር ግዙ የሚል ነበር። ብዙም ሳይቆይ መለያው በሐሰት የታተመባቸው መነጽሮች በኢንተርኔት ገበያ ተገኙ። የአሜሪካ የሥነ ፈለክ ማኅበርም ምክሩን ቀይሮ፣ ከተረጋገጡ ሻጮች ብቻ እንዲገዛ አሳሰበ። አማዞን ምንጫቸውን ሊያረጋግጥ ላልቻለው መነጽሮች ለገዥዎቹ ማስጠንቀቂያ ልኮ ገንዘባቸውን መለሰ። በዕቃው ላይ የታተመ ምልክት የመርማሪን ዐይን ሊተካ አለመቻሉ በዚህ ታየ።

ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ያለው ትርጉም

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የቀለበት ግርዶሽ በኢትዮጵያ ላይ አልፎ በላሊበላ በግልጽ ታይቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ትርእይት ለመከታተል መነጽር ለማይገኝበት ወይም ለማይታመንበት ትምህርት ቤት ዋጋ የሌለው ዘዴ አለ፤ በካርቶን ላይ በመርፌ ቀዳዳ በስቶ፣ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ በቀዳዳው ያለፈውን የፀሐይ ምስል በነጭ ወረቀት ላይ መመልከት ነው። ዘዴው ከመነጽሩ የሚረክሰውን ያህል ከመነጽሩ የበለጠ ያስተምራል። ለዚህ የሚያስፈልገው ግን መምህሩ ዘዴውን አስቀድሞ ማወቁ ነው።

የመመርመር ችሎታም ከአካባቢው ሁኔታ ጋር መያያዝ አለበት። በርካሽ የተገዛ ቴርሞሜትር የሚመረመረው በሚቀልጥ በረዶና በሚፈላ ውኃ ነው። በረዶው 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማሳየት ይገባዋል። የፈላው ውኃ 100 ያሳያል ብሎ የሚጠብቅ የአዲስ አበባ መምህር ግን ደኅናውን ቴርሞሜትር ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ይችላል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና። በባሕር ዳር 94፣ በድሬዳዋ 96 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ከባሕር ጠለል በ300 ሜትር ከፍ ባሉ ቁጥር የመፍሊያው ነጥብ በ1 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። በባሕር ጠረፍ አገር የተጻፈ መመሪያ ይህን አይነግርም፤ ኢትዮጵያዊው መምሪያ አዘጋጅ ሊጨምረው ይገባል። የቀሩትም ምርመራዎች ቀላል ናቸው። ሚዛን በተለካ ውኃ ይፈተሻል፤ አንድ ሚሊ ሊትር ውኃ አንድ ግራም ይመዝናልና። የኤሌክትሪክ መለኪያ አዲስ በሆነ የባትሪ ድንጋይ ይፈተሻል፤ 1.5 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት። የሌንስ የትኩረት ርቀት ከመስኮት ማዶ ያለን ዛፍ በግድግዳ ላይ በማሳየት በማስመሪያ ይለካል።

ዋጋን በተመለከተ የዕቅድ አውጪው ስሌት በዕቃው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ማለፍ አለበት። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዶላር ያልተለወጠው ዋጋ በትምህርት ቤቱ በጀት ላይ ግን ተለውጧል። በዚህ ላይ ብልሽት ይታከላል። ለምሳሌ ያህል በአንድ ዶላር ሒሳብ 40 ዕቃ ቢገዛና 10ሩ የማይሠሩ ቢሆኑ፣ የሚሠራው የእያንዳንዱ ዋጋ 1 ዶላር ከ33 ሳንቲም መሆኑ ነው። መምሪያ ባለመኖሩ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ የሚቀረው ዕቃ ደግሞ ስንት እንደወጣበት ለመናገር ያስቸግራል፤ የተገዛለት ትምህርት አልተሰጠምና።

በተቃራኒው መምሪያ ሲኖር የተጣለ ዕቃም መሣሪያ ይሆናል። ያረጀ የሙዚቃ ሲዲ ገጽ ላይ መስመሮቹ በ1.6 ማይክሮሜትር ርቀት የተሰለፉ በመሆናቸው፣ በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ 625 መስመሮች ይገኛሉ ማለት ነው። ይህም ብርሃንን በቀለማቱ ለመለያየት በቂ ነው። በካርቶን ሣጥን ውስጥ ጠባብ ስንጥቅ አበጅቶ ሲዲውን አግድም ያስቀመጠ ተማሪ፣ የአምፖልና የፍሎረሰንት መብራትን ቀለማት አነጻጽሮ ልዩነታቸውን በዐይኑ ያያል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት የኢንተርኔትን ገበያ መሸሽ አይደለም። ፋራዳይ ዛሬ በሕይወት ቢኖር ከገበያው ቀዳሚ ደንበኞች አንዱ ይሆን ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሊስተዋል የሚገባው፣ ቀድሞ ሻጩና አሳታሚው ይሠሩት የነበረውን የመምረጥ፣ የመመርመርና የማስረዳት ሥራ ዛሬ የሚሠራው ወገን ካልተመደበለት ሥራው ሳይሠራ የሚቀር መሆኑ ነው። አንድ መምህር ብቻውን ሊሸከመውም አይችልም።

ስለሆነም የግዥ ዕቅድ ሲወጣ ቅደም ተከተሉ ቢጠበቅ ይጠቅማል። በመጀመሪያ ከእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ወይም ሁለት ናሙና ብቻ ይገዛ። ናሙናው በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ወይም በትምህርት ቤቶች የጋራ ማእከል ይመርመር፤ ከላይ ከተጠቀሱት ዓይነት አደጋዎችም ነጻ መሆኑ ይረጋገጥ። ከዚያ በማስተማሪያው ቋንቋ፣ በየክፍሉ ከሚሰጠው ምዕራፍ ጋር የተያያዘ የአንድ ገጽ መምሪያ ይጻፍለት፤ መምሪያውንም ናሙናውን ያልመረመረ ሌላ መምህር በክፍል ውስጥ ይሞክረው። በብዛት መግዛት የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ለመምሪያው ዝግጅትና ለምርመራው የሚያስፈልገው ገንዘብም ከዕቃው ግዥ ጋር በአንድ የበጀት መደብ ቢያዝ፣ ቀድሞ የሚቆረጠው እርሱ እንዳይሆን ይረዳል። የቀድሞዎቹ የፔዳጎጂካል ማእከላት ልምድ ለዚህ ሥራ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ በእነዚያ ዓመታት ከእጥረት የተነሣ ይደረግ የነበረው መተያየትና መተራረም በርካሽ ዕቃ ብዛት ዘመንም እኩል ያስፈልጋልና።